የቤሩት ሌሊት የማን ነው?

ሰሞኑን ስለ አንድ የሊባኖስ ሮክ ባንድ ጨዋታ ባነሣ፣ ከወዳጆቼ አንዱ «እህቶቻችን ከፎቅ በሚወድቁበት አገር የሀብታም ልጆች ጊታር ምን ያገባናል?» አለኝ። ሌላው የባሰ ነበር፤ «እንኳንም አገዷቸው!» አለ። ሁለቱም የተማሩ፣ «ሰብአዊ መብት» የሚለው ሐረግ ከአፋቸው የማይጠፋ ሰዎች ናቸው። ይህን የምጽፈው ለሁለቱም ነው፤ በተለይ ግን ለሁለተኛው።

ማሽሩ ሌይላ የተባለው ባንድ በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቤሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተመሠረተ። በ2015 መጨረሻ «ኢብን ኤል ሌይል» የተሰኘውን የስቱዲዮ አልበሙን አወጣ፤ «የሌሊት ልጅ» ማለት ነው። አልበሙ የተቀዳው ከቤሩት ሌሊት ነው፤ መጠጡ፣ ጭፈራው፣ ከጭፈራው ሥር የተደበቀው ፍርሃት ሁሉ አለበት። «መጋዊር» የተባለው ዘፈን በምሽት ክበብ በጥይት ስለሚቀጠፉ ወጣቶች ይናገራል። «ጠይፍ» ደግሞ በ2013 የደክዋኔ ማዘጋጃ ቤት ስለዘጋው የምሽት ክበብ ነው። ስለዚህ ወዳጄ እንዳሰበው የደላቸው ልጆች ፈንጠዝያ አይደለም። በዚያች ከተማ ሌሊት እንኳ በውሰት የሚገኝ መሆኑን የሚመሰክር ሥራ ነው።

የምዕራቡ ዓለም ጋዜጠኞች ግን ባንዱን የአረብ ወጣቶች የነፃነት ድምፅ አድርገው አነገሡት፤ ድምፃዊው ሐመድ ሲኖ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን በአደባባይ የተናገረ ሰው በመሆኑም የበለጠ ወደዱት። ከዚህ ላይ የእኔ ቅሬታ ይጀምራል። ከ2019 የኢኮኖሚ ውድቀት በፊት በሊባኖስ ሩብ ሚሊዮን ያህል የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች እንደነበሩ ይገመታል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የእኛ ልጆች ነበሩ። እኔ እንደሰማሁት ከሆነ በዚያ ሁሉ ሌሊት ውስጥ አንዲቱም የለችም። ከጭፈራ ሲመለሱ በር የከፈተችላቸው፣ የለበሱትን ሸሚዝ የተኮሰችው ማን ሆነና?

የአክስቴ ልጅ ከ2014 ጀምሮ አምስት ዓመት ቤሩት ሠርታለች። አልበሙን ባሰማኋት ጊዜ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሳቀች። «ይህንንማ የማዳም ልጅ መኪናውን ሲያቆም ይከፍተው ነበር፤ እርሱን ስሰማ ተነሥቼ ምግብ አሞቃለሁ» አለች። የምትተኛው ከወጥ ቤቱ ጋር በተያያዘ በረንዳ ላይ ነበር። ቤሩትን በሌሊት ታውቃት እንደሆነ ብጠይቃት፣ ከአምስተኛ ፎቅ የሚታየውን የመኪና ማቆሚያ አስረዳችኝ።

ሆኖም ቅሬታዬ የአጋጆቹ ወገን አያደርገኝም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። በሊባኖስ «አምን አል ዓም» የሚሉት የጠቅላላ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አለ። ፊልምና ቲያትር ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት መርምሮ የሚፈቅደውም ሆነ የሚከለክለው ይህ መሥሪያ ቤት ነው። የውጭ አገር ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠውም፣ ያለ ቀጣሪዋ መልካም ፈቃድ ከቤት የወጣችውን ሕገ ወጥ ብሎ የሚያስረውም ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። የሠራተኛዋን ህልውና ከአንድ ቀጣሪ ስም ጋር የሚያስረው ይህ ሥርዓት «ከፋላ» ይባላል። አልበሙ በወጣበት ዘመን አካባቢ ይኸው መሥሪያ ቤት፣ ሠራተኛዋ የፍቅር ግንኙነት ወይም ጋብቻ ቢኖራት ቀጣሪዋ እንዲያስታውቅ ቃል የሚያስገባ መመሪያ አውጥቶ፣ ጩኸት ሲበዛበት ቃሉ ቀረ። አስተውሉ! ማን ምን ይዘፍናል የሚለውና ማን ማንን ያፈቅራል የሚለው ጥያቄ በአንድ ሕንፃ ውስጥ መልስ የሚያገኝበት አገር ነው።

በሐምሌ 2019 የጁበይል የማሮናይት ቤተ ክርስቲያን አባቶች «ጂን» እና «አስናም» የተባሉት የዚሁ አልበም ዘፈኖች ሃይማኖትን ይሰድባሉ ብለው ተነሡ። የባንዱ አባላት በደኅንነት ሰዎች ተጠርተው ተመረመሩ፤ በማኅበራዊ ድረ ገጾችም የግድያ ዛቻ ጎረፈ። የዛቱትን በመያዝ ፈንታ፣ የቢብሎስ ፌስቲቫል አዘጋጆች ደም እንዳይፈስ በሚል ነሐሴ ሊቀርብ የነበረውን ኮንሰርት ሰረዙ። ባንዱ በ2022 ፈረሰ።

«እንኳንም!» ያለው ወዳጄ ያን ጊዜ ሥነ ምግባር የዳነ መስሎት ነበር። ለመሆኑ ይህ ሥነ ምግባር ለእህቶቹ ምን ሠርቷል? ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2008 ባወጣው ቁጥር መሠረት ከጥር 2007 እስከ ነሐሴ 2008 ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች በሊባኖስ ሞተዋል፤ 40ዎቹ ራሳቸውን እንዳጠፉ ተመዝግቧል፣ 24ቱ ከፎቅ ወድቀዋል። ለዚህ ማንም ጳጳስ ፌስቲቫል አላሰረዘም። በሰኔ 2020 ቀጣሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከእነሻንጣቸው በመኪና እያመጡ በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ሲጥሏቸው የተደናገጠ የሥነ ምግባር ዘበኛ አላየሁም። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። በመስከረም 2020 የሥራ ሚኒስቴሩ ሠራተኛዋ ቀጣሪዋን እንድትለቅ የሚፈቅድ አዲስ የውል ቅጽ ሲያወጣ፣ የአስመጪ ኤጀንሲዎች ማኅበር አቤት ብሎ በሚቀጥለው ወር በከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት አሳገደው።

ያ እግድ በወጣ ዕለት ያጨበጨበ ኢትዮጵያዊ አልነበረም፤ የጮኸም ጥቂት ነበር። ኮንሰርቱ በታገደ ጊዜ ግን በአማርኛ «ይበላቸው» ተብሎ ሲጻፍ በዓይኔ አንብቤአለሁ። ወዳጄ፣ የውሉን መታገድ አንተ መቼ ሰማህ?