ሕንጻው ወይስ አስተማሪው?

«አገርን ለማሳደግ ገንዘባችንን ከሁሉ በፊት በምን ላይ እናውለው?» ተብለን የተጠየቅን እንደ ሆነ፤ ብዙዎቻችን ሳናመነታ «በትምህርት ላይ» ብለን እንመልሳለን። እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ። መንገዱንም ሆነ ፋብሪካውን የሚሠራውም የሚጠብቀውም ሰው ነውና። ነገር ግን «በትምህርት ላይ» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ አንባቢ አብሮኝ እንዲያስብበት እለምናለሁ።

ከሠላሳ ዓመት በፊት በአገራችን የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ዳሩ ግን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4። አንዳንዱ በልጆቹ ስንፍና ያመካኛል፤ ሌላውም ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው በጥብቅ ቁጥጥር መፈተናቸውን ያነሣል። እርግጥ ቁጥጥሩ መጋረጃውን ገልጦ ጉዱን አሳይቶናል፤ ጉዱን ግን እርሱ አላመጣውም።

ነገሩ የሚጀምረው ከታች ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፤ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ውስጥ ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር ተሸክመው የተመላለሱ ልጆች! በ2014 ዓ.ም. ለፈተና የቀረቡት ከእነዚህ በሁለት ክፍል ብቻ የሚያንሱ ናቸው።

እስቲ የቀድሞውን የቄስ ትምህርት ቤት እናስታውስ። ወንበርም ሰሌዳም አልነበረውም። የኔታ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፤ እያንዳንዱን ልጅ በየተራ አቅርበው፤ ፊደሉን በስንጥር እያስነኩ ያስቆጥሩት ነበር። ያላወቀው ልጅ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። አለንጋውን አላወድስም፤ ጀርባዬ ያውቀዋልና። የምንደግመውንም ትርጉሙን ሳናውቅ ነበር። ሆኖም ዳዊት ደግሞ የወጣ ልጅ ማንበብ አይሳነውም ነበር፤ አንድ በአንድ የሚሰማው ሰው ነበረውና።

ዛሬ የ1ኛ ክፍል አስተማሪ ከስድሳና ከሰባ ልጅ ፊት የሚቆምበት ስፍራ ጥቂት አይደለም፤ የማንን ንባብ ሰምቶ የማንን ይተዋል? ደመወዙም የቤት ኪራይ ከፍሎ ወሩን አያደርሰውም። ትንሽ ልምድና ማዕረግ ያገኘ እንደ ሆነ ወደ ላይኛው ክፍል ይሸሻል፤ ሌላ ሥራ ያገኘውም ጨርሶ ይሄዳል። ሕንጻ ሲመረቅ ሪባን ይቈረጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ለአስተማሪ ደመወዝ ሲጨመር ግን የሚቈረጥ ሪባን የለም፤ ምናልባትም ችላ የተባለው ስለዚህ ይሆናል።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ሕንጻ መሥራት ለጥቂት ዓመታት ይቆይ። በዚያ ገንዘብ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉት ልጆች በአነስተኛ ቁጥር ይከፈሉ፤ በትምህርት ቤቱ ካሉት አስተማሪዎች የተሻለው ለእነርሱ ይመደብ፤ ደመወዙም ከላይኛው ክፍል አስተማሪ አይነስ። የገጠሩ አስተማሪ ደግሞ መኖሪያ ቤት ይሠራለት፤ ምሽት ላይ የልጆቹን ደብተር የሚያርምበት መብራትም ይኑረው።