ያልተነሳ ኮምፒውተር ሁሉ አልሞተም

ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ሲበራ በጥቁር ስክሪን ላይ «ግረብ ሬስኪው» የሚል ጽሑፍ ብቻ ካሳየ፣ ከጥገና ቤት ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው። መልሱ ፈጣን ነው፤ ኮምፒውተሩም ይነሳል። የሚጠፋው የባለቤቱ ሥራ ነው፦ የተማሪዎች ውጤት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመሥሪያ ቤት ሰነድ።

ፎርማት የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ መፍትሔ መሆን የለበትም። በአብዛኛው የተበላሸው ቡትሎደሩ፣ ማለትም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ፈልጎ የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ነው። ከሊኑክስ በኋላ ዊንዶውስ ሲጫን ወይም ማሻሻያ በመጫን ላይ ሳለ መብራት ሲሄድ ይህ ሊከሰት ይችላል። ፋይሎቹ ግን እዚያው ናቸው። ቁልፍ ጠፋ ተብሎ ቤት አይፈርስም።

መዘዞ ላይ ይህን ማስረዳት አይከብድም። የአካባቢው ኦፓል ከውጭ ሲያዩት ተራ ቡናማ ድንጋይ ነው፤ ዋጋው ውስጡ ነው።

የሚያስፈልገው ኡቡንቱ የተጻፈበት ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ነው። ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ይነሳል፤ «ሳይጫን ሞክር» የሚለው ይመረጣል። ከሁሉ በፊት ፋይሎቹ ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ ይደረጋሉ። ከዚያ የሊኑክሱ ክፍልፋይ ይከፈታል፣ በቺሩት ትእዛዝ ወደ ውስጡ ይገባል፣ በግረብ ኢንስቶል ቡትሎደሩ እንደገና ይጫናል፣ በአፕዴት ግረብ ዝርዝሩ ይታደሳል። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ይህ አያድነውም፤ የተመሰጠረ ዲስክም ያለ ይለፍ ቃሉ አይከፈትም።

ችግሩ የጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም። ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የለቀቀው ማሻሻያ ዊንዶውስንና ሊኑክስን አብረው በጫኑ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክሱ እንዳይነሳ አድርጎ ነበር። ዲስካቸው ግን አልተነካም። መፍትሔውም ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ ሊኑክሱን ማስነሳትና አዲሱን ገደብ መሰረዝ ነበር። ፎርማት ያደረገ ሰው በከንቱ ከሰረ።

«ሊኑክስ የሚጠቀም ስንት ሰው አለ?» የሚል ይኖራል። ይኸው ፍላሽ ካልተነሳ ዊንዶውስም ፋይል ያወጣል፤ ቢትሎከር ካለበት ግን የማገገሚያ ቁልፉን ይጠይቃል።

ደግሞም ኢንተርኔት የሚፈልገው ሲዘጋጅ ብቻ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ መመሪያውን ከኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ማንበብ እንኳ አይቻልም ነበር። አስቀድሞ የተዘጋጀ ፍላሽና በወረቀት የታተመ መመሪያ ግን ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት አንድ ፍላሽ አዘጋጅቶ፣ አጠቃቀሙን የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑረው። ወጪው የአንድ ፍላሽ ዋጋ ነው። ጥገና ቤት የሚሄድም ሰው ፎርማት ከመፍቀዱ በፊት «ፋይሎቼ ወጥተዋል?» ብሎ ይጠይቅ።