ሞተር ከመውረዱ በፊት፦ ዘይት የሚበሉ አሮጌ ፒክአፖችና የደጋው አየር

«ሞተሩ ዘይት ይበላል» ተብሎ ጋራዥ የገባ አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ አዘውትሮ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ። ፍርዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያለ በቂ ልኬት ሲሰጥ ግን ባለንብረቱን ለከባድ ወጪ ይዳርጋል፣ የችግሩንም ምንጭ ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል። በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ቦታዎች ደግሞ ልኬቱ ራሱ ሊያሳስት መቻሉ ጉዳዩን ያከብደዋል።

የሲሊንደር እመቃ መለኪያ የሚያነበው ግፊት ሞተሩ በሚስበው አየር ይወሰናል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ጎንደር የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 77 በመቶ ያህል ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደባርቅ ወደ 71 በመቶ ይወርዳል። በመሆኑም በባሕር ጠለል 30 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ጎንደር ላይ 23 ባር አካባቢ ቢያሳይ የሚያስገርም አይደለም። የአምራቹን መመሪያ ያለ ማስተካከያ የሚያነብ ባለሙያ ይህን ሞተር ያለጥፋቱ ሊኮንነው ይችላል። የሲሊንደሮቹን ንባብ እርስ በርስ ማነጻጸር ወይም የታመቀ አየር አስገብቶ የሚያፈስበትን ቦታና መጠን መለካት የከፍታውን ተጽዕኖ ይቀንሳል።

ጭስም እንዲሁ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በደባርቅ ብርዳማ ማለዳ የሚወጣ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ሊሆን ይችላል፤ በዳገት ላይ የሚታይ ጥቁር ጭስ ከአየሩ መሳሳት ሊመጣ ይችላል፤ የዘይት መቃጠልን የሚጠቁመው ሰማያዊው ነው። ረጅም ቁልቁለት ከወረዱ በኋላ ነዳጅ ሲሰጥ የሚታይ ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ጎሚኒ ማለቅን ያመለክታል የሚለው ደንብ በዋናነት የቤንዚን ሞተር ደንብ ነው። አብዛኞቹ አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች አየር የሚያፍን መዝጊያ ስለሌላቸው፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት የተገኘ ተመሳሳይ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሊሄድ ይገባል። በመጀመሪያ መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ዘይቱ እስኪወርድ ከተጠበቀ በኋላ ይለካ፤ በ1,000 ኪሎ ሜትር የተጨመረው መጠን ይመዝገብ። በተዳፋት ላይ የተወሰደ ንባብ የሌለ ጉድለት ይፈጥራል። ቀጥሎ የውጭ ፍሳሽ፣ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ፣ ቱርቦ ካለውም እርሱ ይታይ። የአየር ማጣሪያውና ቱቦዎቹ ልዩ ትኩረት ይሻሉ፤ በጠጠር መንገድ አቧራ የሚያስገባ ቀዳዳ ሳይደፈን አዲስ ፋሻ ቢገባ እርሱም ያለጊዜው ያልቃል።

ልምድ ያለው መካኒክ በጆሮና በዓይን ብቻ ይለያል የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። ልምድ ወዴት መመልከት እንደሚገባ ያሳያል፤ ምን ያህል እንደጎደለ የሚነግረው ግን ልኬት ነው። ከላይ ከተጠቀሱት እርምጃዎች አብዛኞቹ ደብተር፣ ጊዜና ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም።

የጎደለው ለአካባቢው የተዘጋጀ የማስተካከያ ሰንጠረዥ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተመራማሪዎች ከቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞችና ከጋራዥ ባለሙያዎች ጋር በመሆን ከጎንደር እስከ ደባርቅ ባለው ከፍታ ቢያዘጋጁት፣ በጋራዥ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ የብዙ ሞተሮችን ያለአግባብ መውረድ ሊያስቀር ይችላል።