ለልጅዎ ብስክሌት ሲገዙ ሄልሜቱን አይርሱ



በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤተል፣ ብስክሌት የሚነዱ ልጆቻችን ከታክሲና ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፉ ነው የሚያልፉት። የተሰበረ እጅ ይጠገናል፤ የተጎዳ አንጎል ግን ወደ ነበረበት ለመመለሱ ዋስትና የለም። ሄልሜት በባለሙያ ተወዳዳሪዎች ላይ እንኳ ግዴታ የሆነው ካዛክስታናዊው አንድሬ ኪቪሌቭ እ.ኤ.አ. በ2003 በፓሪስ-ኒስ ውድድር ወድቆ ከሞተ በኋላ ነው።

ሲመርጡ፦ «ያድግበታል» ብለው ሰፊ አይግዙ። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ላይ ይቀመጥ፤ ልጁ ራሱን ሲወዘውዝ አይንሸራተት። ማሰሪያው ከአገጭ ሥር ከሁለት ጣት በላይ አያስገባ። እህቶች ከሥሩ ስስ ሻሽ፣ ያለ ቋጠሮና ያለ ስፒል ይልበሱ።

ያገለገለ ሄልሜት አይግዙ። የውስጡ ፎም ራስን የሚያድነው እሱ ራሱ በመጨፍለቅ ነው፤ አንዴ በኃይል ከተመታ፣ ስንጥቁ ባይታይም ሥራው አብቅቷል፤ ይለወጥ።

አያያዙ፦ በለብታ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። ቤንዚንና ቲነር ፎሙን ይበላሉ። ፀሐይ ላይ አይሰጣም።

ታናሹ እንዲያደርገው ከፈለጉ አስቀድሞ ታላቁ ያድርግ። ወሰላም።