ተማሪዎች አፈሩን በእጃቸው ይንኩት

የባቄላ ሥር ቀስ ብላችሁ ንቀሉና ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች በጥፍር ሰንጥቋቸው። ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ተክሉን እየመገቡ ነው። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ይህን በሰሌዳ ሥዕል ብቻ ማስተማር ይቆጨኛል። ስለዚህ ቀይ አፈርና ጥቁር መረሬ በውሃ እንበጠብጣለን፣ ተማሪዎቼም በዚህ ቀለም ሥሩን ከነእባጩ በካርቶን ላይ ይስሉታል። የሚስል ልጅ አተኩሮ ማየት ግድ ይሆንበታል፤ ጥያቄውም ያኔ ይጎርፋል።

አንዳንድ ወላጆች «እጃቸው ቆሸሸ» ይላሉ። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ አፈርም ቆሻሻ ብቻ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ስትሬፕቶማይሲን እኮ እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው ከአፈር ባክቴሪያ ነው!

ትምህርት ቤቶች ከግቢያቸው ለባቄላ አንዲት መደብ ይስጡን፤ ሠዓሊም ይጋብዙልን። የአካባቢው ገበሬዎችም ይምጡ፤ ባቄላ በተዘራበት ማሳ ላይ ቀጥሎ የሚዘራው ስንዴ እንዴት እንደሚያምር ለልጆቹ የሚነግሩት እነሱ ናቸው።