ለጋዝ «ሰው አውቃለሁ» አይበቃም

እኛ በውጭ አገር የምንኖር ሐበሾች ብዙ ነገራችን የሚሳካው በ«ሰው አውቃለሁ» ነው። ቤት የምናገኘው፣ መኪና የምናሠራው፣ ሶፋ የምናጓጉዘው በሰው በሰው ነው። ይህን ልማድ ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ ክሬዲት ሂስትሪ የሌለው አዲስ ተማሪ በገባ በሳምንቱ ቤዝመንት የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነውና። ጋዝ የሚነድበትና ጭስ የሚወጣበት ቦታ ሲደርስ ግን ልማዱ መቆም አለበት እላለሁ። ፈርነስ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ፋየርፕሌስና የጭስ ማውጫ ፈቃድ ያለው ባለሙያ እንጂ «የሚሞክር ልጅ» ሊነካቸው አይገባም።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሁለት አደጋዎችን እንለይ። አንደኛው ሳይነድ የሚያፈተልክ ጋዝ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም፤ ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ነው። ይህ አሠራር በሕግ የጠበቀው እ.ኤ.አ. በ1937 ቴክሳስ ውስጥ ኒው ለንደን በምትባል ቦታ፣ ትምህርት ቤት ሥር የተጠራቀመ ሽታ አልባ ጋዝ ፈንድቶ 300 ገደማ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ካለቁ በኋላ ነው። ሁለተኛው አደጋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ የሚመጣው ጋዙ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር፣ ጭሱም ወደ ውጭ መውጣቱ ቀርቶ ወደ ቤት ሲመለስ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ «ምንም አይሸትም፣ ሰላም ነው» ማለት አያዋጣም።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ እንደሚለው፣ ከቃጠሎ ጋር ባልተያያዘ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ በዚህ አገር በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰዎች ይሞታሉ፤ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ድንገተኛ ክፍል ይገባሉ። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው። ለፈተና ሲያጠና ያደረ ተማሪ ይህን ሁሉ በእንቅልፍ እጦት ቢያመካኝ አይፈረድበትም። ቤት ስትገቡ የሚነሣ፣ ስትወጡ የሚተዋችሁ ራስ ምታት ካለ ግን ቤቱን ጠርጥሩ።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በር ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ ተኝቶ ጠዋት ሳይነሣ ስለቀረ ቤተሰብ ሳንሰማ ያደግን ጥቂት ነን። ገዳዩ ይኸው ጋዝ ነው፤ ጭሱ አልቆለት ፍም ከሆነ ከሰልም ይወጣል። ቤዝመንት ውስጥ ለቡና ከሰል የምናያይዝ ካለን በኤሌክትሪክ ምድጃ እንለውጠው። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በበረዶ ተመትታ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ ሂዩስተን ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናትና የ7 ዓመት ልጇ ጋራዥ ውስጥ ሞተሩ ተነሥቶ ከቆመ መኪና በወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሞተዋል።

ብዙዎቻችን በምንኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ኦገስት 10 ቀን 2016 ሌሊት የአንድ አፓርታማ ሕንፃ በጋዝ ፈንድቶ 7 ሰዎች ሞቱ። የፌዴራሉ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርምሮ የደረሰበት፣ የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው መሣሪያ መበላሸቱንና ጋዙን ወደ ውጭ ማስወጣት የነበረበት ቱቦ ሳይያያዝ መቅረቱን ነው። ነዋሪው ያንን ቱቦ አያየውም፤ ቢያየውም ከምን ጋር መያያዝ እንዳለበት አያውቅም። ባለሙያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እኔ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በምኖርበት ቤዝመንት የፈርነሱን ክፍል ከአልጋዬ የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። አከራያችን በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ባለፈው ኦክቶበር፣ ብርዱ ሳይገባ ፈርነሱን ቢያሳዩልን ብለን ስንጠይቃቸው «የሚያየው ልጅ አለ፣ እጀ ወርቅ ነው» አሉን። ልጁ እውነትም እጀ ወርቅ ነው፤ የመታጠቢያ ቤታችንን ሴራሚክ ያነጠፈው እሱ ነው። ነገር ግን በጭስ ቱቦው ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለካ መሣሪያ አለው? አንድ ነገር ቢበላሽ የሚከፍል ኢንሹራንስ አለው? ስለ ላይሰንስና ስለ ኢንሹራንስ ብዙ ተናገርን። ጋሼን ያሳመናቸው ግን ጓደኛዬ በመጨረሻ ያለው ነው፦ «ጋሼ፣ ከእኛ በላይ እኮ የሚተኙት ልጆችዎ ናቸው።» ፈቃድ ያለው ቴክኒሻን መጣ። ፈርነሱ ደህና ነበር፤ የውሃ ማሞቂያው የጭስ ቱቦ ግን መጋጠሚያው ላይ ተላቆ ነበር። አስተካክሎ፣ ለክቶ፣ ያገኘውን በጽሑፍ ሰጥቶ ሄደ።

ባለሙያ ሲቀጠር የላይሰንስ ቁጥሩን ጠይቁና በስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። ኢንሹራንሱንም ጠይቁ። ፋየርፕሌስ ካለ፣ ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ. 211 የሚባለው የደኅንነት መመሪያ የጭስ ማውጫ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይመርመር ይላል፤ ከእንጨት ጭስ የሚጋገረው ክሪዮሶት የሚባል ጥቀርሻ ራሱ ይቀጣጠላልና። በዚህ ሥራ አጭበርባሪም አለ። በጣም ርካሽ ዋጋ አስተዋውቆ ይገባና «የጭስ ማውጫችሁ ተሰንጥቋል፣ ዛሬውኑ ካልተሠራ ቤቱ ይቃጠላል» ብሎ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። እንዲህ የሚል ሲመጣ ፎቶውን ወይም ቪዲዮውን አሳየን በሉት፤ ሌላ ባለሙያም አስዩ። እንግሊዝ አገር ያላችሁ በዚህ በኩል ትሻላላችሁ፤ አከራይ በየዓመቱ በጋዝ ሴፍ ሬጂስተር በተመዘገበ ባለሙያ ማስመርመርና የምርመራውን ወረቀት ለተከራይ መስጠት ሕግ ያስገድደዋል።

«ባለ ላይሰንስ ውድ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ወጪው ግን የአከራዩ እንጂ የተከራዩ አይደለም። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደን ይሉኝታው ነው። ቤቱን በዝቅተኛ ዋጋ ያከራየን፣ በበዓል ዶሮ ወጥ ያበላን ሰው ላይ «ወረቀት አሳየኝ» ማለት ውለታ መርሳት ይመስለናል። ለባለ ውለታችን ቤቱ በደህና እንዲያድርለት መጠየቅ እንዴት ድፍረት ይሆናል? ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ አይደል?

ማኅበራችን ሁለት ነገር ቢያደርግ እወዳለሁ። አንደኛ፣ ፈቃድ ያላቸውን የጋዝና የጭስ ማውጫ ባለሙያዎች ከነላይሰንስ ቁጥራቸው መዝግቦ፣ ሐበሾቹን አስቀድሞ፣ ለተማሪውም ለወላጁም ያድል። እጀ ወርቁም ልጅ ፈተናውን ወስዶ ስሙን እዚያ ውስጥ ቢያስገባ የመጀመሪያ ደንበኛው ጋሼ እንደሚሆኑ አልጠራጠርም። ሁለተኛ፣ በሴፕቴምበር አዲስ ተማሪ ስንቀበል ከቲሸርቱ ጋር አንድ አንድ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም እንስጥ። አላርሙ ባለሙያውን አይተካም፤ የሚያነቃን ግን እሱ ነው። ሲጮኽ ባትሪውን አታውጡ። ጋዝ ሲሸታችሁም መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፤ ስልክም ቤት ውስጥ አትደውሉ። በሁለቱም ጊዜ መጀመሪያ ወደ ውጭ ውጡ፣ ከዚያ 911 ደውሉ፣ ፎቅ ላይ ያሉትንም ቀስቅሱ።