ደሙ የውሸት፣ ድንጋጤው የእውነት

የውሸት ደም መሥራትን አንቃወምም። እንዲያውም አሠራሩን እንንገራችሁ፦ ስኳር በውኃ አፍልቶ ማወፈር፣ ቀይ የምግብ ቀለም ጠብ ማድረግ፣ ትንሽ ካካዎ መጨመር። ያለ ካካዎ የእንጆሪ ማርማላታ ነው የሚመስለው። (ቀይ ሥር የሚጨምቁም አሉ፤ ሐምራዊ የሚደማ ሰው ግን አላየንም።) ሂችኮክ እንኳ በ1960 እ.ኤ.አ. ለወጣው «ሳይኮ» የቸኮሌት ሽሮፕ ነው ያፈሰሰው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማን ያውቅበታል?

ጠባችን ሸሚዙን በዚህ ነክሮ አስፋልት ላይ ከሚዘረርና ጓደኛውን በስልክ ከሚያስቀርጽ ጎረምሳ ጋር ነው። «ፕራንክ» ነው አሉ! የሚሳቀው በማን ላይ ነው? ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ቁስል ልታስር በሮጠችው እናት። አይቶ እንዳላየ ባለፈው ላይ ማን ሳቀ? እሱማ «አራዳ» ሆኖ ቀረ። ነገ እውነተኛ አደጋ ሲደርስ ያቺው እናት መጀመሪያ ካሜራውን ትፈልጋለች፤ የሚደማ ቁስል ደግሞ ወዲያው በጨርቅ ጫን አድርጎ የሚይዘው ሰው ነው የሚፈልገው።

ሳቅ ካማራችሁ ነጭ ሸሚዛችሁን ስታጥቡ ቅረጹልን። የምግብ ቀለም ከጥጥ በቀላሉ አይለቅም።